ሰውን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ አንጻራዊ ተውላጠ ስሞች፦ በአንድ የተለመደ ደንብ ላይ የቀረበ ሒስ

በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍትና ከእነርሱ በተወረሱ የትርጉም መመሪያዎች ውስጥ አንድ ደንብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ እናያለን። ይኸውም «ሁ» ለሰው፣ «ዊች» ለእንስሳና ለግዑዝ ነገር ያገለግላል፤ «ዛት» ደግሞ ለግዑዝ ነው፤ ለሰው ከዋለ ግን ግድፈት ነው የሚል ነው። (የእንግሊዝኛውን ቃላት የምንጽፋቸው በሀገራችን በተለመደው አነባበብ መሠረት መሆኑን አንባብያን ልብ ይሏል።) ደንቡ በከፊል ስሕተት ነው። ከስሕተቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ተርጓሚውን የማይረባ ጥያቄ እንዲጠይቅ ማስለመዱ ነው። «የሚገለጸው ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚስት ተርጓሚ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። የሚሳሳቱት ደንቡ ዝም ባለባቸው ቦታዎች ነው።

በመጀመሪያ ስለ «ዛት» ጥቂት እንበል። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ አንጻራዊ ሆኖ በማገልገል ከሁለቱ ጓደኞቹ ይቀድማል፤ ሰውንም ሲገልጽ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። «ሁ» ግን መጠይቅ ነበረ። አንጻራዊ ወደ መሆን የተሻገረው «ሁዝ» እና «ሁም» መንገዱን ካቀኑለት በኋላ ሲሆን፣ በሰፊው የተለመደውም ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። «ዊች» እንኳ በዘመኑ ሰውን ይገልጽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በአባታችን ሆይ ጸሎት አብ የተገለጸው በ«ዊች» ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 ሪቻርድ ስቲል «ስፔክቴተር» በተባለው ጋዜጣ ላይ «ሁ» እና «ዊች» ቦታችንን «ዛት» ነጠቀን ብለው አቤት ሲሉ የሚያሳይ የቀልድ ማመልከቻ አውጥቶ ነበር። በታሪኩ ሚዛን ከታየ ግን ርስቱን የተነጠቀው ከሳሹ ሳይሆን ተከሳሹ ነው። ስለዚህ በአንድ የተማሪ ጽሑፍ ላይ «ዛት» ሰውን ስለ ገለጸ ብቻ በቀይ መሰረዝ ከልማድ በቀር ማስረጃ የለውም። በተለይ «ሁሉ»ን ከመሰለ ቃል ወይም ከማበላለጫ ቅጽል ቀጥሎ፣ እንዲሁም ሰውና እንስሳ ወይም ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ሲገለጹ፣ «ዛት» ብዙ ጊዜ ከ«ሁ» የተሻለ ምርጫ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። በግእዝ «ዘ»፣ «እንተ» እና «እለ» ጾታንና ቍጥርን ይለያሉ፤ ሰውንና ዕቃን ግን አይለዩም። አማርኛ ደግሞ ሁሉንም በአንድ «የ» ጠቅልሎ፣ የቀረውን ሥራ ለግሡ ባለቤትና ተሳቢ አመልካቾች ትቶታል። አመልካቾቹ ትጉህ ናቸው፤ በአንድ ቦታ ግን ይከዱናል። «አንበሳ የገደለው ሰው» የሚለውን ሐረግ እንመልከት። ጀግና ነው ወይስ ሟች? በ«የገደለው» መጨረሻ ያለው «ው» እርግጠኝነትን የሚያመለክት ከሆነ ገዳዩ ሰውየው ነው፤ ተሳቢን የሚያመለክት ከሆነ ገዳዩ አንበሳው ነው። ሁለቱ አመልካቾች በተባዕት ነጠላ ስለ ተመሳሰሉ ጆሮም ዓይንም አይለያቸውም። ሴት ብትሆን ኖሮ «አንበሳ የገደለችው ሴት» እና «አንበሳ የገደላት ሴት» ተለያይተው ይቀመጡ ነበር፤ ብዙም ቢሆኑ «የገደሉት» እና «የገደላቸው» እንዲሁ። «አንበሳውን» ተብሎም ቢሆን ጥርጥሩ ይወገዳል።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ለጥርጥር ቦታ አይሰጥም፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል ተርጓሚውን ያስገድደዋል። «ዘ ማን ሁ ኪልድ ኤ ላየን» ካለ ሰውየውን ገዳይ አደረገው፤ «ዘ ማን ሁም ኤ ላየን ኪልድ» ካለ ደግሞ ሟች። የትምህርት ቤቱ ደንብ በሁለቱም ቦታ «ሰው ነውና ሁ» ብሎ ያልፋል። ከአንበሳ ወደ ነፍስ ግድያ ምስክርነት ቃል ብናዛውረው የጉዳዩ ክብደት ይገለጣል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህም የጠለቀ ነው። አንድ ገላጭ ሐረግ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የሚነገርለትን ሰው ከሌሎች ይለያል፣ ሌላው አስቀድሞ በታወቀ ሰው ላይ ወሬ ይጨምራል። የመጀመሪያውን «ለይቶ ገላጭ»፣ ሁለተኛውን «አክሎ ገላጭ» ብንላቸው ሳይሻል አይቀርም፤ እስካሁን «ገዳቢ» እና «ኢገዳቢ» እየተባለ በቀጥታ የተገለበጠው ስያሜ ምን እንደሚገደብ ለአንባቢ አይነግረውም። አማርኛ ሁለቱን በጽሕፈት አይለይም። እንግሊዝኛ ግን አክሎ ገላጩን በነጠላ ሰረዝ አጥሮ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ አጥር ውስጥ «ሁ» ይገባል፣ «ዛት» በዛሬው አጻጻፍ አይገባም። ሰውን በመግለጽ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ጽኑ ልዩነት ይህ ሆኖ ሳለ፣ ደንቡ ስለዚህ አንዳች አይናገርም።

ከዓመታት በፊት በአሜሪካ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ያስተረጎመውን የማመልከቻ ደብዳቤ እንድናይለት ይዞልን መጥቶ ነበር። በአማርኛው «በጎንደር የምትኖረው እኅቴ» ይላል። ተርጓሚው «ማይ ሲስተር ዛት ሊቭዝ ኢን ጎንደር» ብሎ ጽፏል። አራሚው ደንቡን አክብሮ «ዛት»ን ሰርዞ «ሁ» አደረገ፤ ነጠላ ሰረዝ ግን አላስገባም። ሰውየው ያለችው እኅት አንዲት ብቻ ናት። ደብዳቤው የደረሰው መሥሪያ ቤት እንደ እንግሊዝኛው አንብቦ «ሌላዋን እኅትዎን በቅጹ ላይ ለምን አልሞሏትም?» ሲል ጠየቀው። አመልካቹ ጥያቄውን ከየት እንዳመጡት ሊገባው አልቻለም፤ ባልዋሸበት ነገር ዋሽቷል ተብሎ ለመጠርጠር ተቃርቦ ነበር። አራሚው በትምህርት ቤቱ ደንብ ቢመዘን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የቀረው ግን «ስንት እኅት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ከአማርኛው ሐረግ ብቻ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ስለ «ሁም» ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኤድዋርድ ሳፒር እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ቃል በተለይ በመጠይቅነቱ በሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ውስጥ ከንግግር እንደሚጠፋ ገምቷል። ግማሹ ጊዜ ያለፈ ሲሆን ቃሉ በመደበኛ ጽሑፍ፣ ይልቁንም ከመስተዋድድ ቀጥሎ፣ አሁንም በቦታው አለ። ተሳቢ በሆነበት ለይቶ ገላጭ ውስጥ ተርጓሚው ቢጨነቅ አንጻራዊ ተውላጠ ስሙን ጨርሶ መተው እንደሚፈቀድለት ያስታውስ።

«ሁዝ» ግን ሊታለፍ አይገባውም። «ልጁ የታመመበት አባት» እና «ልጁ የተመረቀለት አባት» ስንል፣ አማርኛ ባለቤትነትን ብቻ ሳይሆን ነገሩ በአባትየው ላይ እንደ ወደቀበት ወይም እንደ ሠመረለት በ«በት» እና በ«ለት» ይነግረናል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም በ«ሁዝ» ይተረጎማሉ፤ የአባትየው ኀዘንና ደስታም ከሰዋስዉ ይወጣል። «ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ»ን በ«ሁዝ» የተረጎመ ሰው አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ያጐደለውን በግሥ ወይም በሌላ ቃል መካስ እንዳለበት የሚነግረው መመሪያ አላገኘንም። «ጥናቱን ያቀረቡት ምሁር» ከሚለው ሐረግ አክብሮቱ ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ለዚህኛው መፍትሔ መኖሩን እንጠራጠራለን።

«ዊች» ለሰው ፈጽሞ አይውልም የሚለውም ልክ አለው። ሰውየው ሳይሆን ሙያው ወይም ጠባዩ ሲነሣ እንግሊዝኛ «ዊች» ይላል፤ ለምሳሌ አንድ ሰው ጠበቃ ይመስላል፣ በእርግጥም ጠበቃ ነው ለማለት ሲፈለግ፣ ሙያውን መልሶ የሚያነሣው «ዊች» እንጂ «ሁ» አይደለም። እዚህ ላይ «ሁ» የጻፈ ተማሪ ለሰው ክብር ሲል ሰዋስዉን አፍርሷል።

ከሁሉ የሚያስቸግረን «ሁ» በሚለው ርእሰ ቃል ሥር «ማን» ብቻ አስፍሮ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ነው። «ማን» የመጠይቁ ፍቺ ነው፤ ለአንጻራዊው በአማርኛ ነጻ ቃል የለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት «ሁ» በሁለት የተለያዩ ርእሰ ቃላት እንዲቀመጥ፣ በሁለተኛውም ሥር ከፍቺ ይልቅ «የመጣው»፣ «የሚመጣው»፣ «ያልመጣው» እና «የማይመጣው» በምሳሌነት እንዲሰጡ፣ ነጠላ ሰረዝ ያለውና የሌለው አጠቃቀምም በየራሱ ዐረፍተ ነገር እንዲታይ ሐሳብ እናቀርባለን። በአማርኛ-እንግሊዝኛው ወገን ደግሞ በ«የ» ሥር «አንበሳ የገደለው ሰው» ከነሁለት ትርጉሙ ቢገባ ቦታ አያጣብብም።