የቅጣት ገንዘብና የቸርነት ገጽ፦ የእስላማዊ ባንኮች የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት በፊቅህ ሚዛን

ለትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ዘመን፣ ቅዳሜና እሑድ የማስተምርበትን መድረሳ ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ የፋይናንስ ኩባንያ በኪታብና በምንጣፍ ረድቶ ነበር። ርክክቡ በሥነ ሥርዓት ተደረገ፤ በትልቅ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቼክ ይዘን ፎቶግራፍ ተነሣን። ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ ያሳተመው የማኅበራዊ ኃላፊነትና የዘላቂነት ሪፖርት እጄ ሲገባ፣ ያ ፎቶግራፍ ሙሉ ገጽ ይዞ፣ ከበላዩም ኩባንያው ለኅብረተሰቡ ስላለው ፍቅር የሚናገር ርእስ ተሰጥቶት አገኘሁት። በዚያው ጥራዝ የታተመውን የሒሳብ መግለጫ ሳገላብጥ ግን ከማብራሪያዎቹ መካከል አንዲት አጭር መስመር ነበረች፤ የበጎ አድራጎት ሒሳቡ ምንጭ ክፍያቸውን ካዘገዩ ደንበኞች የተሰበሰበ ገንዘብ መሆኑን ትናገራለች። መድረሳውን የረዱት ባለአክሲዮኖቹ አልነበሩም፤ ዕዳቸውን በጊዜው መክፈል ያልቻሉ ወይም ያልፈለጉ ሰዎች ነበሩ።

ይህን የማነሣው ስጦታውን ለመንቀፍ አይደለም። ምንጣፉ ለልጆቹ ጠቅሟል፤ መቀበላችንም፣ ወደ ኋላ እንደምገልጸው፣ በሸሪዓ የሚያስወቅስ አልነበረም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ እንዲህ ያለው ገንዘብ የባንኩ ቸርነት ተደርጎ በሪፖርት መቅረቡ ይፈቀዳልን? እኔ አይፈቀድም ባይ ነኝ።

የዚህ ዓይነቱ ሪፖርት ልማድ ከእኛ ዘንድ የመነጨ አይደለም። ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው የነዳጅ ጫኝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1989 በአላስካ ባሕር ዳርቻ ካደረሰችው ብክለት በኋላ፣ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ሌላ በሰውና በተፈጥሮ ላይ ያደረሱትንም እንዲያስታውቁ የሚጠይቀው ግፊት በረታ። በ1997 በቦስተን የተመሠረተው ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሼቲቭ የመጀመሪያውን መመሪያ በ2000 አወጣ። ዓላማው መልካም ነው። ሆኖም ጸሐፊውና የሚጻፍለት አንድ አካል በሆነበት ሰነድ ውስጥ ውዳሴ ከእውነት ቀድሞ መሮጡ አይቀርም። ዶይቸ ባንክ አብዛኛውን ድርሻ የያዘበትን ዲ.ደብሊው.ኤስ.ን የጀርመን ፖሊስ በ2022 የፈተሸው፣ የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪም በ2023 የ19 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለበት፣ በኢንቨስትመንት ሥራው የአካባቢና የማኅበራዊ መስፈርቶችን እከተላለሁ ብሎ የተናገረው ከሚሠራው ጋር አልተስማማም ተብሎ ነው።

የእስላማዊ ባንኮች ሁኔታ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ማዓሊ፣ ካሰንና ኔፒየር በ2006 ያሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ 29 እስላማዊ ባንኮችን መርምሮ፣ ስለ ማኅበራዊ ሥራቸው የሚገልጹት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ሐኒፋና ሁዳይብ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሰባት ባንኮችን ዓመታዊ ሪፖርት ለሦስት ዓመታት ተከታትለው፣ ከአማካይ በላይ ሆኖ የተገኘው አንዱ ብቻ መሆኑን ጻፉ። ክፍተቱ ሰፍቶ ከታየባቸው ርእሶች አንዱ የዘካ፣ የሰደቃና የቀርድ ሐሰን አያያዝ ነበር። ከመጀመሪያው ጥናት ውስጥ እኔን የሳበኝ ግን ብዙ ያልተወራለት ሌላ ግኝት ነው፤ ዘካ የመክፈል ግዴታ ያለባቸው ባንኮች ግዴታው ከሌለባቸው ይልቅ የበለጠ ይገልጻሉ። ግዴታ ያለበት ሰው ሒሳቡን ያውቃል፤ በፈቃዱ የሚሰጥ ግን የሚያወራውን ራሱ ይመርጣል።

መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት፣ በተለምዶ አዮፊ የሚባለው፣ በ7ኛው የአስተዳደር ደረጃው ማኅበራዊ ኃላፊነትን ግዴታና ተወዳጅ ብሎ ከፍሎታል። ከደንበኛ ጋር በኃላፊነት መሥራት፣ በሸሪዓ የተከለከለ ገቢን ማስታወቅና ዘካ ከግዴታው ወገን ናቸው፤ ቀርድ ሐሰን፣ ወቅፍና የአካባቢ ጥበቃ ከተወዳጁ ወገን ናቸው። አከፋፈሉ ከዋጂብና ከመንዱብ የተቀዳ በመሆኑ ለፊቅህ ተማሪ ቤቱ ነው። ጉድለቱ፣ በእኔ እይታ፣ ሁለቱ ወገኖች በሪፖርቱ ላይ ምን ዓይነት መልክና ቦታ ሊኖራቸው እንደሚገባ አጥብቆ አለመለየቱ ነው። ስለዚህ ከግዴታው ወገን የሆነው ገንዘብ የተወዳጁን ልብስ ለብሶ በፎቶግራፍ ይወጣል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሙራበሐ ውል ደንበኛው ክፍያ ቢያዘገይ በዕዳው ላይ ጭማሪ መጣል ሪባ ነው። በሌላ በኩል እየቻለ የሚያዘገየው፣ ሙማጢል የሚባለው፣ ያለ አንዳች መገሠጫ ቢተው ባንኩ ይጎዳል። የዘመናችን ዑለማዎች መውጫ ያገኙት ከማሊኪው ፈቂህ ከአል-ሐጧብ (954 ሒ. የሞቱ) የኢልቲዛም መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው ዕዳዬን በቀኑ ባልከፍል ለሚስኪኖች ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ራሱን ቢያስገድድ፣ በታወቀው የመዝሀቡ አቋም ዳኛ አያስፈጽምበትም፤ ኢብን ዲናር ግን ይፈጸምበታል ብለዋል። ዛሬ በየውሉ የምናየው አንቀጽ የቆመው በዚህ ብዙኃኑ ባልተቀበሉት ቃል ላይ ነው። ይህን ያህል ጠባብ በር የተከፈተው ደግሞ በአንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ባንኩ ከገንዘቡ ምንም እንዳይጠቀም። ከተከለከለ ምንጭ ስለሚገኝ ገቢም አዮፊ በ21ኛው የሸሪዓ ደረጃው በማናቸውም መንገድ፣ ግብር በመክፈልም ቢሆን እንኳ፣ መጠቀም እንደማይቻል ደንግጓል። ለድኻና ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ይገባል፤ ስለዚህ መድረሳው መቀበሉ ነውር የለበትም። ለሰጪው ግን ይህ ከገንዘቡ መገላገል እንጂ ሰደቃ አይደለም።

ታዲያ ስም ጥቅም አይደለምን? በዚህ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው አንድ የተከበሩ የሸሪዓ አማካሪ ክልከላው የሚመለከተው በገንዘብ የሚተመነውን ጥቅም ነው፤ መመስገን ከዚያ ውጭ ነው ብለውኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ጃህንና ሪያእን በሚነቅፉበት ክፍል ጃህን፣ ማለትም በሰዎች ዘንድ ከበሬታ ማግኘትን፣ ልቦችን እንደ መግዛት ቆጥረው ከሀብት ጎን ያቆሙታል። ይህ የሥነ ምግባር ንግግር ነው የሚል ቢኖር፣ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባሳለፈው 43ኛ ውሳኔ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያላቸው መብቶች መሆናቸውን አጽድቋል። ስም ገንዘብ ከሆነ፣ በቅጣት ገንዘብ ስሙን ከፍ ያደረገ ባንክ ከዚያ ገንዘብ ተጠቅሟል። አስቀማጭ ደንበኞችን የሚስበው ያ ሙሉ ገጽ ፎቶግራፍ እንጂ ያቺ ትንሽ የማብራሪያ መስመር አይደለችም።

ይደበቅ ማለቴ አይደለም። በአል-በቀራህ 271ኛው አንቀጽ ምጽዋትን በግልጽ መስጠትም መልካም ተብሏል፤ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ተቋም ደግሞ ሒሳቡን የማሳየት ግዴታ አለበት። ልዩነቱ በፊቅህ የምናውቀው የሸሃዳና የኢቅራር ልዩነት ነው። ሰው ለራሱ ጥቅም የሚሰጠው ምስክርነት አይሰማለትም፤ በራሱ ላይ የሚያምነው ግን ይያዝበታል። ይህን ያህል ከዘገዩ ደንበኞች ሰብስበን ይህን ያህል ለዚህ መድረሳ አስተላልፈናል የሚል መስመር ኢቅራር ነው። ከቼኩ ጋር የቆመው ኢማም ግን ሳያውቀው ለባንኩ የምስክርነት ቃል እየሰጠ ነው።

በአገራችን ልማዱ ገና አልረጋም። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎትን በመስኮት ደረጃ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ የጀመሩት በ2021 ነው። ስለዚህ ኢማምም ሆነ የመድረሳ ኃላፊ ስጦታ ሲቀርብለት የገንዘቡን ምንጭ መጠየቁ፣ ከቅጣት ሒሳብ ከሆነም ያለ ሥነ ሥርዓትና ያለ ፎቶግራፍ እንዲሰጠው ማሳሰቡ፣ እንደ ድፍረት ሊታይበት አይገባም። በሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ የሚቀመጡት ዑለማዎችም ውሉን እንደሚመረምሩ ሁሉ ሪፖርቱን ከመታተሙ በፊት ቢያዩት ሥልጣናቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ከእነዚህ ሪፖርቶች የጎደለብኝ አንድ ቁጥር አለ። በአል-በቀራህ 280ኛው አንቀጽ ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል፤ ለሙዕሲሩ የሚሰጠው ጊዜ የአበዳሪ የመጀመሪያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው። የተተከሉ ችግኞች ይቆጠራሉ፤ የታደሉ ምንጣፎች ይቆጠራሉ። ያን ሪፖርት ካነበብኩ በኋላ ወደ ኩባንያው ሄጄ፣ በዚያ ዓመት ስንት የተቸገሩ ተበዳሪዎች የክፍያ ጊዜ ተራዝሞላቸዋል? ከዘገዩትስ መካከል ችግሩ ተጣርቶ ከቅጣቱ ነጻ የተደረገው ስንቱ ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ነበር፤ አስቀምጦ ሻይ አስመጣልኝ። ከዚያም ያ ቁጥር በብድር ክፍሉ ዘንድ እንደሚገኝ፣ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ግን የማስታወቂያ ክፍሉ መሆኑን ነገረኝ።