አገር አልባ ድምፅ እንዴት የአገር መዝሙር ሆነ? የስኮርፒየንስ ጉዞ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ጀርመኑ የሃርድ ሮክ ባንድ ስለ ስኮርፒየንስ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ባንዱን በአንድ ዘፈን ይለኩታል። ዘፈኑ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በወጣው «ክሬዚ ወርልድ» አልበም ውስጥ የተካተተው «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ» ነው። ዘፈኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ማስታወሻ ሆኖ በመቅረቱ፣ ከእሱ በፊት የነበረው የሃያ አምስት ዓመት ሥራ እንደ መንደርደሪያ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ደግሞ እንደ ትርፍ ይታያል። ይህ አተያይ ባንዱንም ዘፈኑንም ይበድላል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ ስኮርፒየንስ ለረጅም ዓመታት የሠራው የአገሩ ምልክት የማይታይበት፣ ማንም የትም ሆኖ የራሱ ሊያደርገው የሚችል ሙዚቃ ነው፤ በ1991 የጀርመን ብሎም የምሥራቅ አውሮፓ ድምፅ ለመሆን ያበቃውም ይኸው አገር አልባነቱ ነው። ብርታቱም ድክመቱም ከዚያው ይመነጫሉ።

ሁለት መንገዶች

ሩዶልፍ ሼንከር ባንዱን በ1965 በሃኖቨር ሲመሠርት ዕድሜው አሥራ ሰባት ገደማ ነበር። ሃኖቨር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ድብደባ የወደመች፣ ከጦርነቱ በኋላም በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር የዋለች ከተማ ናት። የናዚ ሥርዓት የሰልፍ ዜማውንና የሕዝብ ዘፈኑን ለራሱ ዓላማ አውሎ ስላረከሰው፣ የዚያ ትውልድ ልጆች ከወላጆቻቸው ያለ ኀፍረት የሚወርሱት ዜማ ጥቂት ነበር። ከሊቨርፑልና ከለንደን የሚመጣው የቢት ሙዚቃ ግን ከዚህ ዕዳ ነፃ ነበር። የሼንከር ባንድም እንደ እኩዮቹ በእንግሊዝኛ መዝፈን ጀመረ። በ1969 መጨረሻ ድምፃዊው ክላውስ ማይኔና የሩዶልፍ ታናሽ ወንድም ጊታሪስቱ ሚካኤል ሼንከር ሲቀላቀሉ ባንዱ የራሱን መልክ መያዝ ጀመረ።

የመጀመሪያው አልበም «ሎንሰም ክሮው» በ1972 ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ኮኒ ፕላንክ መሆኑ ለባህል ታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው። ፕላንክ በዚያው ዘመን ከክራፍትቨርክና ከኖይ ጋር የሠራ ሰው ነው። እነዚህ ባንዶች «ከዚህ ታሪክ በኋላ ጀርመናዊ እንዴት ይዘፍናል?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሮክ ተለይቶ አዲስ ቋንቋ መፍጠር ነበር፤ ሲንተሳይዘርን፣ ሳይዛነፍ የሚደጋገም ምትንና የፋብሪካ ድምፅን መሣሪያቸው አደረጉ። ስኮርፒየንስ የሰጠው መልስ ግን ተቃራኒ ነው፦ የተቀበለውን ቋንቋ ከባለቤቶቹ እኩል መናገር። ሂሳዊ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ፈጣሪዎች፣ ሁለተኛውን አስመሳይ ሲል ኖሯል። ሁለቱም መልሶች ግን ከአንድ ቁስል የወጡ ናቸው፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሚዛን መለካት ደግሞ ተገቢ አይደለም።

የዜማው አሠራር

በ1973 ሚካኤል ሼንከር ወደ እንግሊዙ ባንድ ዩኤፍኦ ሲሄድ ባንዱ ሊፈርስ ተቃረበ። የተረፉት አባላት የኡሊ ዮን ሮት ከነበረው ዶውን ሮድ ከተባለ ባንድ ጋር ተዋሕደው «ስኮርፒየንስ» የሚለውን ስም ይዘው ቀጠሉ። በዚህ ውሕደት ውስጥ የባንዱ ዕድሜ ምስጢር አለ። መሥራቹ ሩዶልፍ ሼንከር ራሱን በሪትም ጊታር ወስኖ የሊድ ጊታርን ቦታ ለሌሎች ለቅቋል፦ መጀመሪያ ለወንድሙ፣ ቀጥሎ ለሮት፣ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ለማትያስ ያብስ። ሊድ ጊታሪስቱ በተቀየረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ ሼንከር የሚያዜመው፣ ማይኔ ግጥም የሚሰጠው መሠረት ግን ሳይናወጥ ይቀጥላል።

ያ መሠረት ምንድን ነው? በ1975 «ኢን ትራንስ» ላይ ሥራውን ጀምሮ እስከ 1988ቱ «ሳቬጅ አሚዩዝመንት» ድረስ አብሯቸው የዘለቀው ፕሮዲውሰር ዲተር ዲርክስ በኮሎኝ አቅራቢያ ባለው ስቱዲዮው ያነጠረው አሠራር ነው። የጊታሩ ሐረግ አጭርና ተደጋጋሚ ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም ከዕለት ንግግር ቃላት አይርቅም። የማይኔ ድምፅ ቀጭን፣ ከፍ ያለና ጥርት ያለ በመሆኑ ከተዛባው የጊታር ድምፅ በላይ ይንሳፈፋል። በለስላሳ ዘፈኖቹ ውስጥ ክሮቹ በማይነር ስኬል አንድ በአንድ እየተነኩ ይጀመራል፤ ድምፃዊው በዝግታ ይገባል፤ መላው ባንድ የሚገባው አድማጩ ዜማውን በልቡ ከያዘው በኋላ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ዜማ ሊያንጎራጉር ይችላል። በ1984 የወጣው «ስቲል ላቪንግ ዩ» ከሌሎች አገሮች ሁሉ ይልቅ በፈረንሳይ የሕዝብ ዘፈን የሆነው በዚህ አሠራር ነው።

አሠራሩ መጀመሪያ የተፈተነው በጃፓን ነበር። ባንዱ በሚያዝያ 1978 በቶኪዮ ባቀረበው ኮንሰርት ላይ «ኮጆ ኖ ጹኪ» የተባለውን የሬንታሮ ታኪ ዜማ በጃፓንኛ ዘፈነ፤ «ቶኪዮ ቴፕስ» በተባለው አልበምም ተቀርጾ ቀረ። በእንግሊዝኛ የሚዘፍን ጀርመናዊ በእስያ መድረክ ላይ የአድማጩን ዜማ ሲያቀነቅን፣ ባንዱ ከዚያ በኋላ የሚከተለው መርሕ ተገልጧል፦ የራስን አገር ማሳየት ሳይሆን የአድማጩን ደጃፍ ማንኳኳት።

ይህ መርሕ የጠራ ሕሊና ሁልጊዜ አልነበረውም። የ1976ቱ «ቨርጂን ኪለር» ሽፋን የአንዲት ሕፃን ዕርቃን የሚያሳይ ምስል ነበር፤ በበርካታ አገሮች በሌላ ምስል ተተክቷል። ሐሳቡ የሪከርድ ኩባንያው ነበር መባሉ ባንዱን ከተጠያቂነት አያድነውም። ትኩረት ለመሳብ ሲባል የሰው ክብር የተሠዋበት ይህ ውሳኔ በታሪኩ ላይ እንደ እድፍ ይቀራል፤ ሐያሲም አልፎት መሄድ የለበትም።

በ1981 ማይኔ ድምፁን አጣ። ለባንዱ ሲል ለመልቀቅ ቢያቀርብም ሼንከር አልተቀበለውም፤ የድምፅ አውታሩ በቀዶ ሕክምና ታክሞ ተመለሰ። ተከትሎ የመጣው «ብላክአውት» (1982) በአሜሪካ የአልበም ሠንጠረዥ እስከ 10ኛ፣ «ላቭ አት ፈርስት ስቲንግ» (1984) ደግሞ እስከ 6ኛ ደረጃ ደረሱ። የተቀበለውን ቋንቋ ከባለቤቶቹ እኩል መናገር የሚለው የሃኖቨር ሕልም በዚህ ተፈጸመ።

ከሌኒንግራድ እስከ ክሬምሊን

በሚያዝያ 1988 ባንዱ በሌኒንግራድ 10 ኮንሰርቶችን አቀረበ። አባቶቻቸው ያችን ከተማ ለ872 ቀናት ከበው ሕዝቧን በረሃብ የፈጁበት ትውልድ ልጆች ጊታር ይዘው መግባታቸው የዚህን ጉዞ ክብደት ያሳያል። በነሐሴ 12 እና 13 ቀን 1989 ደግሞ በሞስኮው የሙዚቃና የሰላም ፌስቲቫል ላይ ከቦን ጆቪ፣ ከኦዚ ኦስቦርን፣ ከሞትሊ ክሩና ከሶቪየቱ ባንድ ጎርኪ ፓርክ ጋር በሌኒን ስታዲየም ቀረቡ። ማይኔ «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ»ን የጸነሰው በዚያ ጉዞ ላይ፣ በሞስኮ ወንዝ በጀልባ ጎርኪ ፓርክ ወደተባለው መናፈሻ ሲሄዱ እንደሆነ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች መጤን አለባቸው። አንደኛ፣ ዘፈኑ የተጻፈው በመስከረም 1989፣ የበርሊን ግንብ ከመከፈቱ በፊት ነው። ስለዚህ የግንቡን መፍረስ አይዘክርም፤ ገና ያልተፈጸመን ነገር ተስፋ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ዜማውም ግጥሙም የማይኔ ብቻ ነው፤ የሼንከር ዜማና የማይኔ ግጥም የሚለው የሥራ ክፍፍል በዚህ ታላቅ ዘፈን ላይ አልሠራም። ሦስተኛ፣ የሪከርድ ኩባንያው ሰዎች ሊያስወጡት የፈለጉት የመግቢያ ፉጨት ከግጥሙ ሁሉ ይልቅ ድንበር ተሻገረ። ፉጨት ቋንቋ የለውም፤ የሃያ አምስት ዓመቱ አሠራር የመጨረሻ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

በ1991 ዘፈኑ በጀርመን 1ኛ፣ በአሜሪካ 4ኛ ደረጃ ያዘ፤ የሩስያኛ ቅጂም ተዘጋጀለት። በታኅሣሥ 14 ቀን 1991 ባንዱ በክሬምሊን ከሶቪየቱ መሪ ከሚካኤል ጎርባቾቭ ጋር ተገናኘ፤ ሶቪየት ኅብረት ከዚያ በኋላ የቆየችው ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በ2020 ጋዜጠኛው ፓትሪክ ራደን ኪፍ ዘፈኑን የጻፈው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነው የሚለውን ወሬ በፖድካስት መርምሯል፤ ማይኔ ወሬውን አስተባብሏል። ወሬው የሚነግረን ስለ ዘፈኑ አድራሻ ማጣት ነው፦ ባለቤቱ ያልታወቀ የሚመስል ሥራ ባለቤት ይፈለግለታል።

ከተስፋው በኋላ

የዘፈኑ ተቺዎች ግጥሙ ጭጋጋማ ነው ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ማን እንደበደለ፣ ማን እንደታገለ፣ ምን እንደተከፈለ አይናገርም። ባንዱ ራሱ ይህን ጉድለት የተረዳው ይመስላል። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ በሆየርስቬርዳ በ1991፣ በሮስቶክና በመልን በ1992 በስደተኞችና በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ሲፈጸም፣ የ1993ቱ «ፌስ ዘ ሂት» አልበም «ኤሊየን ኔሽን» በሚል ከባድና ጨለማ ዘፈን ተከፈተ። ያ ዘፈን በገበያ ከቀዳሚው ጋር አይወዳደርም፤ በሕሊና ግን ይተካከለዋል፣ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ባንዱ የሚናገረው ስለ ገዛ ቤቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የክብር ዓመታት ናቸው፦ በ2000 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የተቀረጸው «ሞመንት ኦፍ ግሎሪ»፣ በ2010 የተነገረውና ያልተፈጸመው ስንብት። ሂሳዊ ትኩረት የሚገባው ግን የ2022ቱ ክስተት ነው። «ሮክ ቢሊቨር» የተባለው አልበም የወጣው የካቲት 25፣ ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ማግሥት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማይኔ በላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ሞስኮንና ጎርኪ ፓርክን የሚያነሱትን የመክፈቻ ስንኞች ትቶ ዩክሬንን በሚያነሱ ስንኞች ተካቸው።

አንዳንዶች ይህን የታሪክ ሰነድ ማበላሸት ነው ይሉታል። እኔ የባንዱ እጅግ ኃላፊነት የተሞላበት ሂሳዊ ተግባር ነው እላለሁ። አድራሻ የሌለው ዜማ ለማንም ክፍት ነው፤ ለተበደለው መጽናኛ፣ ለበዳዩም ጌጥ ሊሆን ይችላል። የሃኖቨር ልጆች ከአባቶቻቸው ዜማ የራቁት ዜማ የግፍ መሣሪያ እንደሚሆን ስላዩ ነበር። ማይኔ የገዛ ዘፈኑ ለዚያ ዓይነት ጥቅም እንዳይውል በሰባ ሦስት ዓመቱ ጣልቃ ሲገባ፣ ለስድሳ ዓመት ገደማ የቆየው ጥያቄ የበሰለ መልስ አገኘ፦ ሙዚቃ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ ከማን ጋር እንደቆመ የመናገር ግዴታ አለበት። ስኮርፒየንስን በዚህ መመዘኛ ስናነበው በአንድ ዘፈን የታወቀ ባንድ ከመሆን አልፎ፣ ከጦርነቱ በኋላ ያደገው የጀርመን ትውልድ ከታሪኩ ጋር የተነጋገረበት የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰነድ ሆኖ ይገኛል።