እንጀራን መቁጠርና በርን መዝጋት

የአሜሪካ ኮሌጆች ለእግር ኳስ ቡድናቸው ተማሪ የሚመለምሉበት ደንብ በ2025 ተለወጠ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጨዋታውም ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ነው።) ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ዳሩ ግን በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ የደንቡን ጉድለት ለማስተዋል አይቸግረውም።

ቀድሞ ባለጸጎቹ ኮሌጆች ብዙ ተጫዋች በስኮላርሺፕ ሰብስበው ስለሚይዙ፣ ተቀናቃኞቻቸው ሰው ያጡ ነበር። ስለዚህ የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር በ1973 ለከፍተኛው ምድብ የስኮላርሺፑን ቁጥር በ105 ወሰነ፤ በ1978 ወደ 95፣ በ1994 ወደ 85 አወረደው። ከ85ቱ ውጭ ግን በራሱ ወጪ እየተማረ ከቡድኑ ጋር የሚለማመድ ተማሪ አልተከለከለም። ቤከር ሜይፊልድ ወደ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን የገባው በዚህ ዓይነት ያለ ስኮላርሺፕ ነበር፤ በ2017 ግን የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ሽልማት አገኘ።

ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን በጁን 6 ቀን 2025 ያጸደቁት ስምምነት ይህን ገለበጠው። ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች ዘንድ የስኮላርሺፑ ወሰን ቀረ፤ በምትኩ የቡድኑ አባላት ቁጥር ራሱ በ105 ተወሰነ። ኮሌጆቹም ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የክፍያው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው።

የደንቡ ደጋፊዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሃያ ተጨማሪ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ባለጸጋውም ኮሌጅ ሰው ማከማቸቱ ይቀራል ይላሉ። የመጀመሪያው «ይችላሉ» እንጂ «ያገኛሉ» አይደለም፤ ለ105ቱም መስጠት ግዴታ የለምና። ሁለተኛውም ቢሆን ገንዘቡ ጣሪያ ከተበጀለት በኋላ፣ ምንም ሳይከፈለው ልሞክር የሚለውን ተማሪ መከልከል ምን ይጨምራል? ዳኛዋ ራሳቸው በዚህ ምክንያት ቦታቸውን ላጡ ተማሪዎች መፍትሔ ካልተገኘ አላጸድቅም ብለው ነበር። የተገኘው መፍትሔ ግን ኮሌጁ ከፈቀደ ከቁጥሩ ውጭ ይያዛሉ የሚል ብቻ ሆነ፤ ያውም ለነበሩት እንጂ ወደፊት ለሚመጡት አይደለም።

እስቲ ይህን ከአገራችን የቅኔ ቤት ጋር እናስተያየው። በቢቸና አጠገብ ወዳለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሊማር የሚመጣውን ልጅ «ቦታው ሞልቷል» ብሎ የሚመልስ ደንብ የለም። የኔታ ክፍያ አይጠይቁም፤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል፤ ማን እንደሚዘልቅ የሚለየው ቅኔው ሲሰማ ነው እንጂ ገና በመግቢያው አይደለም።

ይሁን እንጂ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማመስገን ራስን ማታለል ነው። በሩ ክፍት ቢሆንም እንጀራ የለም። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ ዘመን ሲከፋና የገበሬው ጎተራ ሲጎድል ጉባኤው ይበተናል። ስለዚህ እዚያም ወሰን አለ፤ ወሰኑ የመንደሩ እንጀራ ነው፤ ሸክሙም የወደቀው በልጁ ትከሻ ላይ ነው።

የሁለቱም ጉድለት አንዱን ነገር ከሌላው አለመለየት ነው። እንጀራ ውስን ስለሆነ ሊቆጠር ይገባዋል፤ በቅኔ ቤቱ ግን የሚቆጥረውም የሚመድበውም የለም። አሜሪካኖቹ እንጀራውን ከቆጠሩ በኋላ በሩንም ዘጉ። የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት በመሠረቱ በፈተና ውጤት እንጂ በኳስ ችሎታ ስላልሆነ፣ ይህ ጥያቄ ገና በስፖርት በኩል አልመጣብንም። ሲመጣ ግን ከሞጣ በእግሩ የመጣ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው፤ እስክትሰሙኝ ታስገቡኛላችሁ ወይ? ከሰማችሁኝስ በኋላ ምን እበላለሁ? ለመጀመሪያው ወሰን ሳናበጅ፣ ለሁለተኛው በጀት ማዘጋጀት የእኛ ፋንታ ነው።