አባቱን ስንጠይቅ ልጁንም

የታሰረን መጠየቅ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ በመሆኑ በአገራችን ለማረሚያ ቤት አገልግሎት ሰው አይጠፋም። በገናና በፋሲካ ሰሞን ዳቦ፣ ሳሙናና ልብስ ይዘው የሚሄዱ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ ይህ መልካም ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ከምንጠይቃቸው ወንዶች ብዙዎቹ ልጆች እንዳሏቸው የምናስታውሰው ከስንት አንዴ ነው። ስለ ንስሐ እናስተምራቸዋለን፣ እናጽናናቸዋለን፤ ስለ አባትነታቸው ግን አናነጋግራቸውም። የበጎ ፈቃድ አገልጋይ ዋና ሥራው ታራሚው ገና በእስር ላይ ሳለ የአባትነት ድርሻውን እንዲወጣ ማገዝ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሲፈታ ይደርስበታል» ማለት ለልጁ አይሆንም፤ ልጅ የአባቱን መፈታት እየጠበቀ ማደጉን አያቆምም።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመጠየቅን ጥቅም በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ማረሚያ መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ያወጣው ነው። ከ2003 እስከ 2007 የተፈቱ 16,420 ሰዎችን መርምሮ፣ ጠያቂ የነበራቸው በከባድ ወንጀል እንደገና የመፈረድ ዕድላቸው በ13 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ጠያቂ ያለው ሰው ድሮውንም ደህና ቤተሰብ ያለው ነው፣ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው ሊባል ይችላል። ሆኖም የሃይማኖት አገልጋዮች ጉብኝት በብርቱ ከረዱት መካከል ነበር፤ የቀድሞ ትዳር ጓደኛ ጉብኝት ግን አደጋውን ጨምሯል። ስለዚህ ዘመድ የራቀውም ሰው በእኛ ሊረዳ ይችላል፤ ሁሉም ግንኙነት ግን መልካም ፍሬ አያፈራም።

አገልጋዩ የሚፈተነው በደብዳቤ ነው። አባት ብቻውን ሲጽፍ ስለ ክሱ ያብራራል፣ እናትየውን ይወቅሳል፣ «በቅርቡ እመጣለሁ» ብሎ ይዘጋል። የእኛ ድርሻ ደብዳቤውን ወደ ልጁ መመለስ ነው፦ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ከማን ጋር ትጫወታለህ፣ ምን ያስፈራሃል? የመፈቻ ቀን አይጻፍ። የወንጀል ሕጉ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ቢደነግግም፣ ውሳኔው የአባትየው አይደለም፤ ያልመጣበትን ቀን ልጁ አይረሳም። ይቅርታ ከተጠየቀ አንድ ጊዜ በግልጽ ይጠየቅ፣ መልስም አይለመንበት። መጻፍ የማይችለውን ስንጽፍለት ቃሉን አናሳምርለት፤ ልጁ የሚያውቀው የአባቱን አነጋገር ነው። ደብዳቤውም በማረሚያ ቤቱ ፍተሻና ፈቃድ ይውጣ፤ በስውር የወጣ አንድ ወረቀት የሌሎችን ሁሉ በር ሊያዘጋ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው «አባትህ ውጭ አገር ነው» የሚለው ወሬ ነው። ልጁ እውነቱን ከጎረቤት ልጅ አፍ ከሚሰማው፣ አባትና እናት ለዕድሜው በሚሆን ቃል ቢነግሩት ይሻላል።

ልጅን ወደ ማረሚያ ቤት መውሰድ ይጎዳዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሥጋታቸው እውነት አለው፤ ፍተሻውና ጥበቃው ለልጅ ቀላል አይደለም። ደብዳቤ የሚቀድመው፣ ጉብኝቱም በእናት ወይም በአሳዳጊ ፈቃድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጁን ወይም እናቱን የጎዳ አባት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እናትየው እምቢ ካለች ወይም ፍርድ ቤት ከከለከለ አገልጋዩ አማላጅ ሆኖ ደጇን አያንኳኳም። እንዲህ ላለው አባት ርቆ መቆየቱ ራሱ የአባትነቱ ድርሻ ነው። ይህ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ እንጂ የወንጌል አይደለም ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፦ ንስሐ የምንሰብክለት ሰው የበደለው ልጅ በሕይወት አለ፣ ያለ ጥፋቱም የአባቱን ቅጣት እየከፈለ ነው። እርሱን ሳይጨምር ስለ ንስሐ ማስተማር ጎዶሎ ነው።

የማኅበራትና የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፣ ለመጪው በዓል ከሳሙናው ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ጨምሩ፤ ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ፤ የልጆቹን እናቶች በየቤታቸው የሚጠይቁ ሴቶችም መድቡ። ዓመቱን ሙሉ የማትዘልቁበት ከሆነ ግን አትጀምሩት።