የሥራ ስምና የሠራተኛ ክብር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህ የተባለው ግን እናትና አባት ለልጃቸው ስለሚያወጡት ስም ነው እንጂ፣ ለሠራተኛ በሥራው ምክንያት ስለሚወጣለት ስም አይደለም። የሥራን ስም የሚያወጣው አለቃ፣ ጎረቤት፣ ባልደረባ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥራፈት መንገደኛ ነው። ሰው ያወጣውን ስም ደግሞ ሰው ሊለውጠው ይችላል። በእኛ ዘመን ይህ ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የተለመደ ሆኗል። ዘበኛ የነበረው «የጥበቃ ሠራተኛ»፣ ተላላኪ የነበረው «የመልእክት ሠራተኛ»፣ ገረድ ትባል የነበረችው «የቤት ሠራተኛ» ተብለዋል። ነገሩን የሚያመሰግኑ አሉ፤ የሚያፌዙበትም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገኖች የምነቅፍበት ምክንያት አለኝ። ነገር ግን ሌላውን ከመንቀፍ አስቀድሞ ራስን መንቀፍ ይገባልና፣ በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

በወጣትነቴ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። በጋራዡ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ወናፋቸውን እያናፉ የተሰበረ ባሌስትራ ያቃኑ፣ መዶሻና ጉጠት ይሠሩ፣ መለዋወጫ የጠፋለትን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ያበጁ ነበር። መካኒኮቹ ያቃታቸውን ብረት ይዘው የሚሮጡት ወደ እርሳቸው ነው። ይሁን እንጂ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። «ቀጥቃጩ» ይባሉ ነበር። እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የአባቴን እኩያ «አንተ» እያልሁ አዝዛቸው ነበር። ዲሬክተሩን «እርስዎ»፣ ገንዘብ ያዡን «እርስዎ» የምል ሰው፣ ወደ ወናፉ ስደርስ አፌ መለወጡን እንኳ አላስተውለውም ነበር።

አንድ ቀን የሥራ መደቦች ስም እንዲሻሻል ከአስተዳደሩ ትእዛዝ መጣ። ዝርዝሩን እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። «ቀጥቃጭ» የሚለውን ሠርዤ «የብረታ ብረት ባለሙያ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ስብሰባ ተደረገ፤ ንግግር ተነገረ፤ ተጨበጨበም። ያን ቀን አንድ ታላቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሻይ መጣ። ለሁላችን በብርጭቆ ተቀዳ። ለሽማግሌው ግን እንደ ወትሮው በመስኮቱ ደፍ ላይ ለብቻዋ በምትቀመጠው ጣሳ ተቀዳላቸው። ያች ጣሳ ለምን እንደ ተለየች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ከሚለው፣ ሳንመረምር ከወረስነው ከንቱ ፍርሃት የመጣች ናት። ይህን ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ጣሳዋ ግን በየቀኑ ትናገረው ነበር። ሽማግሌው ጣሳቸውን አነሡና ወደ ሰሌዳው እየተመለከቱ፣

«ልጄ፣ ስሜን አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ይህችን ጣሳስ ማን ብለህ መዘገብሃት?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ፤ እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። በወሩ መጨረሻ የተከፈላቸው ደመወዝም የቀድሞው ነበር። የደመወዙን መዝገብ የማመሳክረው እኔ ነበርሁና በዚህ አልሳሳትም።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በእኔ ጋራዥ የተጀመረ እንዳይመስልህ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውን፣ ጸሐፊውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። የሰው ሁሉ አባት አዳም፣ እናቱም ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ፤ ተላላፊውም እንዲታሰር አዘዙ። ማረሻና ጦር ከሰማይ አይወርድምና፣ የሚሠራውን እየናቁ የሠራውን መፈለግ ሞኝነት መሆኑን ተረድተውታል። አዋጁ መልካም ነበር። ቢሆንም ከአዋጁ በኋላ ዘጠና ዓመት አልፎ ያች ጣሳ ከመስኮቱ ላይ አልተነሣችም።

ለምን? መልሱ በራሱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል። ብረት ሠሪ የሚሰደብበት «ጠይብ» የሚለው ቃል የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው። ጠቢብ ማለት ጥበብ የተሰጠው፣ አዋቂ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲወለድ ምስጋና ነበር። ወደ ስድብ የለወጠው የፊደሉ ድምፅ ሳይሆን የተናጋሪው ልብ ነው። ምንጩ ከደፈረሰ እንስራ መለዋወጥ ውሃውን አያጠራውም። እኔ በጻፍሁት ዝርዝርም የደረሰው ይኸው ነው። ዓመት ሳይሞላ «ባለሙያው» የሚለው ቃል በጋራዡ ውስጥ ከጥቅሻ ጋር ይነገር ጀመር። አዲሱ ስም የአሮጌውን ንቀት ወርሶ ቁጭ አለ።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ውብ ስም ክፉ ሥራን መሸፈኛ ሲሆን ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሠራተኛ በስም እጅግ ከፍ ከፍ ያለበት ዘመን መጣ። «ላብ አደር» ይባል «ወዝ አደር» በሚል ክርክር ብዙ ወረቀት አለቀ፤ «አቶ» ቀርቶ «ጓድ» ተተካ። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተዘጋው በዚሁ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. ነው። ለሠራተኛው ስሙ ተጨመረለት፤ የሚናገርበት አፍ ግን ተወሰደበት። ስም ሰጥቶ አፍ መንሣት ስጦታ ሊባል አይችልም።

ወደ ቤታችንም እንመለስ። «ገረድ» የሚለውን ቃል ዛሬ የተማረ ሰው በአደባባይ አይናገረውም፤ ይህ ደግ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እንግዲህ ልጅቱን «የቤት ሠራተኛ» ብለን ስንጠራት፣ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ለፋብሪካው ሠራተኛ የሚያስገኘውን የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን ለእርስዋ አላስገኘላትም ማለት ነው። ስሟን ካስተካከልን ዘንድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛም እንጠይቅ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበኝ ሰው፣ «እንግዲያማ ስም መለወጥ ከንቱ ነው፤ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ክፉ ስም ወጥቶላቸው የማያውቁ ናቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው ለእነዚህ ነው። ስለዚህም ከዚያው ጋራዥ ሌላ ነገር ልንገርህ።

በመኪና ላይ የፍሪሲዮኑን ኃይል በዘይት የሚያስተላልፉ ሁለት ሲሊንደሮች አሉ። አንደኛው በፔዳሉ ሲገፋ ሁለተኛው ታዝዞ ይንቀሳቀሳል። የእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ የመጀመሪያውን «ጌታ»፣ ሁለተኛውን «ባሪያ» በሚል ቃል ይጠራቸዋል። ከመካኒኮቻችን አንዱ ይህን ከመጽሐፉ ተረድቶ በአማርኛ መለሰውና፣ መልኩ ጠቆር ወዳለ አንድ ተለማማጅ ልጅ ዞር ብሎ፣ «ሂድና ዘመድህን ከመጋዘን አምጣልኝ» አለው። ሁላችን ሳቅን። ልጁም ሳቀ፤ ነገር ግን ሲስቅ ዓይኖቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዕቃ በተፈለገ ቁጥር ቀልዱ ይደገም ጀመር።

በአገራችን የባርነትን ሕጋዊነት የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ እንደ ሩቅ ታሪክ ሊቆጠር አይችልም፤ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ያ ቃል የብረት ስም ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ የሚያርፍበትን ሰው ፈልጎ ያገኛል።

የመካኒኮቹ ኃላፊ ግን ነገሩን ሰማ። ስብሰባ አልጠራም፤ ንግግርም አላደረገም። «ከዛሬ ጀምሮ የላይኛውና የታችኛው ሲሊንደር ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የሚጠራ ዕቃ አይሰጠውም» ብሎ ለመጋዘኑ ሰው ነገረ። ነገሩ በዚያው አበቃ። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። እንዲያውም ተለማማጆቹ የትኛው የት እንደሚገኝ ከስሙ ስለሚያውቁ ትምህርቱ ቀለላቸው። ስም መለወጥ እንዲህ ሲሆን መልካም ነው፤ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ በእውነት ሸክም አውርዷልና።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እነዚሁ ሁለት ቃላት በኤሌክትሪክና በኮምፒዩተር መሣሪያዎች ላይም ይጻፉ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር፣ አንድ ሠራተኛ አቤቱታ ካቀረበ በኋላ፣ ዕቃ የሚያቀርቡለት ነጋዴዎች ስሙን እንዲተዉ ጠየቀ። በጊዜው ብዙ ሰው ሳቀበት። የኮምፒዩተር መርሐ ግብር ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ጊትሃብ የተባለው ድርጅትም፣ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ በአዲስ ሥራ ላይ «ማስተር» ይባል የነበረውን ዋና ቅርንጫፍ «ሜይን» እንዲባል አደረገ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ ተቆጣ። እኔ የሁለቱንም ጩኸት ስሰማ ያ ተለማማጅና እኒያ ሽማግሌ ይታወሱኛል። ለሚሥቀው ሰው የምለው፦ ቃሉ አንተን ስላልነካህ ማንንም አይነካም አትበል፤ የተነካውን ጠይቀው። ለሚያጨበጭበው የምለው፦ የመሣሪያውን ስም ካስተካከልህ በኋላ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ማን እንደሚቀጠርና ማን እንደሚሾም ደግሞ ቁጠር።

የጣሳዋን ነገር ሳልጨርስ አላቆምም። አንድ ቀን ሻይ ሲቀዳ ያ ተለማማጅ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ወናፉ ሄደና፣ «አባባ፣ እርስዎ በዚህ ይጠጡ» ብሎ ለሽማግሌው ሰጣቸው። እርሱ ጣሳዋን አነሣና በእርስዋ ጠጣ። እኛ ሁላችን ዝም ብለን እናይ ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ፤ በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱ ጣሳዋ ከመስኮቱ ጠፋች፤ ለሁሉም በብርጭቆ ይቀዳ ጀመር። እኔ በማኅተም ያላደረግሁትን፣ ሁለት ክፍል በታች የተማረው ልጅ በአንድ ጣሳ ሻይ አደረገው። አንድም የሥራ ስም አልለወጠም፤ «አንተ» የሚለውን ብቻ «እርስዎ» አለው። እኔም ከእርሱ በኋላ አፌን አቃናሁ። ከእርሱ በኋላ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ አንተም አንቺም በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ የሥራ ስም የምታወጡ ትሆናላችሁ። የሚያቆስል ስም ስታገኙ ለመሠረዝ አትዘግዩ፤ የሚያፌዘውንም አትፍሩ። ነገር ግን ብዕራችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለ ስሙ «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ» የሚባለው? ከማን ጋር ነው የሚበላውና የሚጠጣው? በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ስንት ነው? በእነዚህ በሦስቱ መልስ ያላገኘ አዲስ ስም፣ በዛገ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ቀለሙ ሲላጥ ዝገቱ እንደ ነበረ ይገኛል። ብረት ሠሪው ሽማግሌ ይህን ከማናችንም ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ዝገት በእሳትና በመዶሻ እንጂ በቀለም እንደማይለቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው አይተውታልና።