የቅርብ ዘመድ፦ ስለ ጠፉ እንስሳት ለልጆች የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ከከሚሴ ሲታይ

በአማርኛ «ዘሩ የጠፋ» ስንል ሁለት ነገር ባንድ አፍ እንናገራለን፤ አንዱ የሥነ ሕይወት መምህሩ ቃል ነው፣ ሌላው እርግማን። «ዘርህ ይጥፋ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ «ዘራቸው የጠፋ እንስሳት» የሚል መጽሐፍ ቢሰጡት፣ ገጹን ሳይገልጥ እንስሳቱ የሠሩት አንዳች ጥፋት እንዳለ ይጠረጥራል። ያለፉት ዓመታት ግጭት ቁስሉ ባልጠገገበት በከሚሴና አካባቢው ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ከሥነ ሕይወት ክፍል ውጭ ብዙ ተመላልሷል። ስለ ዝግመተ ለውጥ ለልጆች መጻፍ ሲነሣ ሁሉም ቀድሞ የሚፈራው የሃይማኖቱን ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚያደናቅፈን ቃላችን ይመስለኛል።

ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለዚህ ጉዳይ የተመቸ መመልከቻ ነው። በስተምዕራብ ተራራው ወደ መንዝ ይወጣል፤ እዚያ ጓሳ ላይ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይግጣል። በስተምሥራቅ የባቲ መንገድ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳርም በዚያው አቅጣጫ ነው። ከሐዳር ደለል የድንቅነሽ ወገኖች አጥንት ብቻ አልወጣም፤ የጭላዳ ወገን የሆነ የጥንት ዝንጀሮም ወጥቷል። ይህ ወገን በአንድ ዘመን ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የሚገዝፉ ዓይነቶች ነበሩት፤ በአፍሪካም በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። ዛሬ የቀረው በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ጭላዳ ብቻ ነው። የከሚሴ ልጅ እንግዲህ የጠፉትና የተረፉት ዘመዳሞች መሐል ነው የሚኖረው፤ አንዱ ከበላዩ ሣር ይግጣል፣ ሌላው ከበታቹ አፈር ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

መጻሕፍቱ ይህን መሐል አያውቁትም። ከውጭ የሚመጡት በዳይኖሰር ጀምረው በዳይኖሰር ያበቃሉ፤ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ሁሉን ፈጀ፣ ተረቱም አለቀ። የኛዎቹ በተቃራኒው ድንቅነሽን ባንዲራ አድርገዋታል። «የሰው ዘር መገኛ» እና «ምድረ ቀደምት» የሚሉት መፈክሮች ቱሪስት ይጠሩ ይሆናል፤ ለልጅ ግን ዋናውን ነገር ይደብቁበታል። የድንቅነሽ ዝርያም የዛሬ 2.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የጠፋ ዝርያ ነው። እሷ በነበረችበት ዘመን አፋር ውስጥ ባለሦስት ጣት ፈረስ፣ አንገተ አጭር የቀጭኔ ዘመድና ዛሬ የማናየው የዝሆን ዓይነት ነበሩ። ከነዚህ ለይቶ ብቻዋን ማቆም ከቤተሰብ ፎቶግራፍ አንድ ሰው ቆርጦ እንደ ማውጣት ነው።

ሥዕሉም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ጎንበስ ካለ ዝንጀሮ ጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከሚራመድ ሰው የተሰለፈውን ምስል ያላየ የለም። ሩዶልፍ ዛሊንገር የሣለው በ1965 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ የመጽሐፉ ደራሲ ክላርክ ሃውል ብዙም ሳይቆይ በኛው ኦሞ ሸለቆ የአሜሪካኖቹን ቁፋሮ መርቷል። ምስሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ጎሪላንና ቺምፓንዚን የሚጠራ የቤት ቃል ስለሌለን ሁሉንም «ዝንጀሮ» ውስጥ እንከታለን፤ ዝንጀሮ ደግሞ ለገበሬ ልጅ ማሽላ የሚዘርፍ፣ በወንጭፍ የሚባረር ሌባ ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለውን ሳይንስ አላለውም፤ የቃል ድህነታችን ነው ያስባለን።

በውጭ አገር ይህን ችግር በዝምድና ቃል ሊፈቱት የሞከሩ አሉ። ጆናታን ትዊት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው «አያት ዓሣ» ትንንሽ ልጆችን እንደ ዓሣ እያስዋኘ፣ እንደ ጥንት እንስሳ እያስዳኸ፣ እነዚያ ሁሉ አያቶቻችሁ ናቸው ይላቸዋል። ብልሃቱ ደስ ይላል። አንድ አባት ግን የአያት የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ የትውልድ ሐረጉን በሚቆጥርበት አገር «አያት» ባዶ ወንበር አይደለም፤ ባለቤት አለው። እዚያ ላይ ዓሣ ብታስቀምጡ ልጁ ከመሳቁ በፊት አባቱ ይቆጣል።

የተሻለው ቃል የተገኘው ከባቲ ቁልቁል ነው። በአፋር ምድር የሠሩ ተመራማሪዎች ለግኝቶቻቸው ስም ሲያወጡ የአገሩን ቋንቋ ተጠቀሙ። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው አርዲ የወጣችበት ዝርያ «ራሚደስ» መባሉ በአፋርኛ «ሥር» ከሚለው ቃል ነው። የሄርቶው የ160 ሺህ ዓመት ሰው «ኢዳልቱ» ሲባል ታላቅ፣ ሽማግሌ ማለት ነው። ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቹ ደግሞ ወራንሶ ሚሌ ላይ ያገኙትን፣ ከድንቅነሽ ዝርያ ጋር በአንድ ዘመን የኖረ ሌላ ዝርያ በ2015 እ.ኤ.አ. «ዴይሬሜዳ» አሉት፤ የቅርብ ዘመድ። አባት አላሉትም፣ ልጅም አላሉትም። ከዚያው ስፍራ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅልም የድንቅነሽ ዝርያ ቀደምቱ ሳይጠፋ አብሮት እንደኖረ አመልክቷል፤ የዛሊንገር ሰልፍ እዚያው አፋር ላይ ፈረሰ ማለት ነው። ዘመድ ጎን ለጎን ይኖራል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀራል፣ የሞተውም ዘመድነቱ አይቀርበትም። «ዘሩ የጠፋ» የማይሸከመውን ይህን ሐሳብ «ዘመድ» ይሸከመዋል፤ በአፋን ኦሮሞም «ፊራ» እንዲሁ።

እንዲህ ላለ የልጆች መጽሐፍ አንድ ሥዕል ብቻ ምረጥ ብባል የከርከሮ መንጋጋ እመርጣለሁ። የምሥራቅ አፍሪካን ደለል በዕድሜ ለመለየት ተመራማሪዎች የጥንት ከርከሮዎችን ጥርስ እንደ ሰዓት ተጠቅመውበታል፤ ከታችኛው ንብርብር ወደ ላይኛው ሲኬድ በአንዳንዶቹ ወገኖች የመጨረሻው መንጋጋ እየረዘመና ከፍ እያለ ይሄዳልና። ሦስት ጥርስ በተርታ ሥሎ «የቱ ይረዝማል?» ማለት ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ በጣቱ ለክቶ ይመልሳል። ከርከሮ በዚህ አገር በብዙዎች ማዕድ የማይቀርብ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ቢሆንም እርሻ ሲቆፍር ያላየው ልጅ የለም፣ ማንም ደግሞ በሱ ዘመድነት አይጠረጠርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በዞኑ ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው፤ አፋርኛም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የዝርያዎች ሳይንሳዊ ስም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ በግዕዝ ፊደል የጀመረ ልጅ በሙዚየሙ መስታወት ሥር ያለውን ስም እስኪፈታ ድረስ፣ የከሚሴው ፊደል በፊደል ያነበዋል፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ግመል የሚጠብቅ የአፋር ልጅ ቢያገኝ ደግሞ ትርጉሙን ይነግረዋል።