አዲሱን የኳስ ጌም በምን እንመዝነው?

አዲስ የኳስ ጌም ሊወጣ ሲል ማስታወቂያው የሚያሳየን ጎልና ላብ ያወዛው ፊት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሆን ብዬ የማበላሸውን ኳስ ነው። ፊቱን ወደ ራሱ በረኛ ያዞረ ተጫዋች ሳይዞር፣ በአንድ ንክኪ፣ ከጀርባው ላለው አጥቂ ረጅም ኳስ እንዲያቀብል አዘዋለሁ። ኳሷ በክር እንደተሳበች አጥቂው እግር ሥር ካረፈች ግራፊክሱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ጨዋታው አልተሻሻለም። ደህና ጌም እንዲህ ያለውን ውሳኔ ያስከፍላል፤ ኳሷ ታጥራለች ወይም ለተከላካይ ትገባለች። በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ጠንካራ ኳስ የሚቀበል ግዙፍ ተከላካይም እንደ ጎበዝ አማካይ አብርዶ ካቆማት ነገሩ ያው ነው።

መከላከል ላይ የማልረሳው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፊፋ 12 ያመጣው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ይበቃ ነበር፤ ተከላካዩ ራሱ ሮጦ ኳሷን ይነጥቃል። ፊፋ 12 ላይ ግን ቁልፉ ተጫዋቹን ከአጥቂው ፊት ያቆመዋል እንጂ አይነጥቅለትም። እግር የሚሰነዘርበትን ሰዓት የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ከቸኮልክ ታልፈሃል። ብዙ ሰው አጉረመረመ። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ የትኛውም ማስዋቢያ አይስተካከለውም።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ ወደ እንቅስቃሴ ቀረጻ ዞረ። ለፊፋ 22 ሲባል ሃያ ሁለት ተጫዋቾች መቅረጫ ልብስ ለብሰው እውነተኛ ግጥሚያ ተጫወቱ፣ ከ4,000 በላይ አዳዲስ እንቅስቃሴዎችም ተጨመሩ። ፊፋን የተካው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ደግሞ ከ180 በላይ ግጥሚያዎች የተወሰደ መረጃ ይዞ መጣ። ቁጥሩ ያስደምማል፤ መዘዝም አለው። ያማረ እንቅስቃሴ አንዴ ከተጀመረ ሳያልቅ ላይቋረጥ ይችላል፤ አንተ ፓስ ትላለህ፣ እሱ እርምጃውን ይጨርሳል። ስለዚህ ለመምታት ከተነሳህ በኋላ ሐሳብህን ቀይርና ተጫዋቹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚታዘዝህ እይ። ይህን ኢንተርኔት ላይ አትሞክረው፤ መዘግየቱ ከጌሙ ይሁን ከኔትወርኩ መለየት ያቅታል። ጌም ቤት ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት ይሻላል። ተሸናፊ በሚከፍልበት ጨዋታ ጆይስቲኩ ሲዘገይ ዝም የሚል የለም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 አጨዋወቱን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ለውድድር የፈጠነ፣ ሌላው ወደ እውነተኛው ኳስ የቀረበ። ሁለቱን ወገን በአንድ ፍጥነት ማስደሰት እንዳልተቻለ በግልጽ ማመን ነው፤ ወድጄዋለሁ። ሠሪዎቹ በረኛው የሚተፋው ኳስ ተመልሶ ለአጥቂ የመድረሱን ነገር እንደቀነሱም ተናግረዋል። ቃላቸውን ለመፈተሽ ከአንድ ማዕዘን ደጋግሞ መምታትና የተተፋችው ኳስ የት እንደምትወድቅ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በረኛው ሁሉንም ከያዘ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

የመጨረሻው ፈተናዬ ኳስ የሌለውን ተጫዋች ይመለከታል። በግራ መስመር እያጠቃህ ኳሷን ሆን ብለህ አስነጥቅና ድጋሚውን ከፍተህ የቀኝ ተመላላሽህን ብቻ ተከተል። የሰጠኸው ሚና ከኋላ እንዲቀር ከሆነ ቦታው ላይ መገኘት አለበት፤ እንዲያጠቃ ከሆነም ከኋላው የተወው ክፍተት ለተጋጣሚህ ሊከፈትለት ይገባል።